የእስያ ፊልም አዳራሽ ሲሞላ የእስያ አሜሪካውያኑ ፌስቲቫል ለምን ይመነምናል?

በሴፕቴምበር 2025 አንድ የጃፓን አኒሜሽን ፊልም አሜሪካ ውስጥ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት የኮሪያን ፖፕ ሙዚቃ መነሻ ያደረገ ሌላ አኒሜሽን በኔትፍሊክስ ታሪክ ብዙ ሰው ያየው ፊልም ሆነ። የቴሉጉና የሂንዲ ፊልሞች ደግሞ ህንድ ውስጥ በሚወጡበት ሰሞን ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባሉት ሳን ሆዜና ፍሪሞንት ላይም ይወጣሉ። ሰው ከነቤተሰቡ ነው የሚገባው።

ያው 2025 ግን ለሳን ፍራንሲስኮ ሌላ ዜናም ይዞ መጣ። ከተማዋ ከ1982 ጀምሮ የእስያ አሜሪካውያን የፊልም ፌስቲቫል ታስተናግዳለች። ዛሬ ካምፌስት ይባላል። የሚያዘጋጀው የእስያ አሜሪካውያን ሚዲያ ማዕከል፣ በአጭሩ ካም፣ ከዋና ዋና የገንዘብ ምንጮቹ አንዱ በአንድ የኮንግረስ ድምፅ ደረቀበት።

ሁለቱን ዜና አንድ ላይ የሰማ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። "እንዲህ ገበያ ካላቸው ድጎማው ምን ያደርግላቸዋል?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ግን ገበያው የሚሸጠውና ፌስቲቫሉ የሚያሳየው አንድ ነገር ባለመሆኑ ላይ ነው።

ሁለት ነገር በአንድ ስም

የእስያ ፊልም የምንለው ቶኪዮ፣ ሴኡል፣ ሙምባይ ወይም ሃይደራባድ ተሠርቶ የመጣ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለአገሩ ተመልካች ነው። አገሩ ላይ ወጪውን ይመልሳል፣ አሜሪካ ላይ ደግሞ ትርፍ ይጨምራል። በ2020 የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት ያገኘው የደቡብ ኮሪያው "ፓራሳይት" እንዲህ ያለ ፊልም ነው።

የእስያ አሜሪካውያን ፊልም ግን አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ ወይም ያደጉ ሰዎች ስለዚያው ኑሯቸው የሚሠሩት ነው። ከኋላው ሌላ አገር ያለ ገበያ የለውም። ሴኡል ያለ ተመልካች ሎስ አንጀለስ ስላደገ ልጅ ለማየት አይሰለፍም። ነጩም አሜሪካዊ ለረጅም ጊዜ አልተሰለፈም።

"እስያ አሜሪካዊ" የሚለው ቃል ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። በ1968 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ያወጡት የፖለቲካ ስም ነው። ከዚያ በፊት ቻይናዊው ቻይናዊ፣ ጃፓናዊው ጃፓናዊ፣ ፊሊፒናዊው ፊሊፒናዊ ነበር። አንድ የሚያደርጋቸው አሜሪካ ያደረገቻቸው ነገር ነው። የቻይና ሠራተኞችን ከ1882 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። በ1942 ደግሞ 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ተወላጆችን ከየቤታቸው አስወጥታ ካምፕ አስገብታለች። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። "ሐበሻ" የሚለው ቃል አገር ቤት ከሚሠራው ይልቅ እዚያ ብዙ ሥራ ይሠራል።

በሁለቱ መሃል ያለው ድንበር ግን ግድግዳ አይደለም። በ2023 ሰባት ኦስካር ያገኘው፣ ተዋናይቷን ሚሼል ዮህን ያሸለመው ፊልም ልብስ ማጠቢያ ቤት ከፍቶ ስለሚኖር የቻይና ስደተኛ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ግን በብዙ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

የቻይናታውን አዳራሾች

ሳን ፍራንሲስኮ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ከነዋሪዋ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የእስያ ዝርያ አለው። በ1957 የተጀመረው የከተማዋ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ለህንዳዊው ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ የቤንጋሊኛ ፊልም ሽልማት ሰጥቷል።

እውነተኛው ታሪክ ግን ከዚያም ይቀድማል። የቻይናውያን ሠፈር በሆነው ቻይናታውን፣ ጃክሰን መንገድ ላይ ያለው ግሬት ስታር ቲያትር የተከፈተው በ1925 ነው። የካንቶን ኦፔራ ይቀርብበት ነበር፤ ፊልምም ይታይበት ነበር። እዚያው ቻይናታውን ውስጥ ኦፔራ ሊያቀርብ ከሆንግ ኮንግ የመጣ አንድ ተዋናይ በ1940 ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁ ብሩስ ሊ ነው። ክንዱ ላይ ታቅፎ የታየበት የመጀመሪያ ፊልምም የተቀረጸው እዚያው ከተማ ነው። ያዘጋጀችው ኤስተር ኢንግ የሳን ፍራንሲስኮ ተወላጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ሆሊዉድ ውስጥ ሴት ዳይሬክተር በጣት የምትቆጠር ነበረች። ቻይናታውን ግን የራሷ ነበራት።

እነዚህ አዳራሾች መዝናኛ ብቻ አልነበሩም። ቀን ወጥ ቤት ወይም ስፌት ቤት ሲለፋ የዋለ ሰው ማታ በገዛ ቋንቋው ይስቅባቸዋል። የአገር ሰው ያገኝባቸዋል፣ ሥራ ያፈላልግባቸዋል። ድጎማም አልነበራቸውም። ትኬቱ ብቻውን ያኖራቸው ነበር።

የገደላቸው የቪዲዮ ካሴት ነው። በ1980ዎቹ የሆንግ ኮንግ ፊልም በኪራይ ካሴት ሳሎን ድረስ መጣ። አንድ ካሴት መላ ቤተሰብን ያሳያል። አዳራሾቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ክሌመንት መንገድ ላይ ያለው ፎር ስታር ከ1992 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ቤተሰብ እጅ ሆኖ የሆንግ ኮንግ ፊልም ሲያሳይ ቆየ። በ2021 ቤተሰቡ ለቀቀው። አሁን ሌሎች ሰዎች ይዘውት ይሠራል።

ውጭ አገር ያለው የአማርኛ ፊልም ተመልካችም ይህን መንገድ ሄዶበታል። አዘጋጁ አዳራሽ በሰዓት ይከራያል፤ ፖስተሩ ምግብ ቤትና ግሮሰሪ በር ላይ ይለጠፋል፤ ሰው እሁድ ከሰዓት ይሰበሰባል። ከዚያ ዩቲዩብ መጣ። ፊልሙ አልጠፋም። የጠፋው መሰባሰቡ ነው።

ፌስቲቫሉ የተወለደበት ክፍል

የገበያው አዳራሽ ሲዳከም ሌላ ዓይነት ማሳያ ብቅ አለ። ምንጩ ሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጥቁር፣ የእስያ፣ የሜክሲኮና የቀደምት አሜሪካውያን ተማሪዎች አንድ ላይ ፊልም የሚማሩበት ፕሮግራም ተከፈተ። ዕድሜው አጭር ነበር። ከእስያውያኑ ተማሪዎች አንዳንዶቹ በ1970 ቪዥዋል ኮሙኒኬሽንስ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። ከጥቁሮቹ ወገን ደግሞ በኋላ "የኤል ኤ አመፅ" የተባለው የፊልም ሠሪዎች ትውልድ ወጣ። የእኛው ኃይሌ ገሪማ ከዚያ ትውልድ ነው። የእስያ አሜሪካውያን ፊልምና የኃይሌ ሥራ ጎረቤት ናቸው ማለት ማጋነን አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ጥያቄ ነው፤ "እኛን ማን ይቅረጸን?"

በ1978 ኒው ዮርክ የመጀመሪያውን የእስያ አሜሪካውያን ፌስቲቫል ጀመረች። በ1980 በርክሌይ ላይ ከተደረገ ጉባኤ በኋላ ዛሬ ካም የሚባለው ድርጅት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተቋቋመ። ፌስቲቫሉ በ1982 ተከተለ።

በዚያው በ1982 ዌይን ዋንግ "ቻን ኢዝ ሚሲንግ" የተባለ ፊልም አወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው። ቻይናታውን ውስጥ ተቀረጸ። ጠቅላላ ወጪው ከ25 ሺህ ዶላር አይበልጥም። ያም የመጣው ከድጋፍ ገንዘብ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ባለታክሲዎች ለታክሲ ፈቃድ ያጠራቀሙትን 4 ሺህ ዶላር ይዞ የጠፋ ቻን የሚባል ሰው ይፈልጋሉ። የጠየቁት ሰው ሁሉ ስለ ቻን የተለየ ነገር ይነግራቸዋል። ለአንዱ ቻን የዋህ ነው፣ ለሌላው ብልጥ፤ ለአንዱ አገር ወዳድ፣ ለሌላው ሞኝ። ሰውየው አይገኝም። ፊልሙ "ቻይናዊ ማለት ይህ ነው" ብሎ ላለመደምደም የሄደበት መንገድ ይህ ነው። የትኛውም ስቱዲዮ መጨረሻው ላይ ሰውየው የማይገኝበት የመርማሪ ታሪክ አይገዛም ነበር። በ1995 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ዋንግም በ1993 "ዘ ጆይ ላክ ክለብ"ን ለትልቅ ስቱዲዮ ሠራ።

ጀስቲን ሊንም እንዲሁ ነው። ዓለም የሚያውቀው በ"ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ" የመኪና ፊልሞች ነው። ከዚያ በፊት ግን በ2002 ስለ እስያ አሜሪካውያን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትንሽ ፊልም ሠርቶ በፌስቲቫል በኩል ነው በሩን ያንኳኳው። ትልቁን ፊልም የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከትንሹ አዳራሽ ነው።

ገንዘቡ የሚመጣበት ቧንቧ

ፌስቲቫል ከትኬት ብቻ አይኖርም። አዳራሽ ይከራያል፣ ለፊልሙ የማሳያ ክፍያ ይከፍላል፣ ዳይሬክተሩን በአውሮፕላን ያመጣል፣ ሆቴል ያሳድራል። አንድ ፊልም አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይታያል። አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳን የአንድ ምሽት ገቢ ይህን አይሸፍንም።

ከማሳያው ጀርባ ያለውን አንድ ነገር ብቻ እንይ። ዛሬ ሲኒማ ቤት የሚታየው ፊልም ዲሲፒ በሚባል ትልቅ ዲጂታል ፋይል ይመጣል። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ተቆልፎ ነው የሚላከው። ቁልፉ ለብቻው በኢሜይል ይመጣል። ያ ቁልፍ የሚሠራው ለአንድ ማሽን ነው፣ ያውም ለተወሰኑ ሰዓታት። ለዓርብ ማታ የተላከ ቁልፍ እሁድ አይከፍትም። በመጨረሻ ሰዓት አዳራሽ ከተቀየረ ቁልፉም እንደገና መጠየቅ አለበት፤ ላኪው ደግሞ ማኒላ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ሲኒማ ቤት አንድ ፊልም ከፍቶ ሦስት ሳምንት ያሳያል። ፌስቲቫል በአራት ቀን ውስጥ ለብዙ ፊልሞች ይህን ሁሉ ይደጋግማል። ለእያንዳንዱ የሚሞክር፣ ድምፁን የሚያስተካክል፣ ሰብታይትሉን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።

ስለዚህ ክፍተቱን ሌሎች ይሞላሉ። ስፖንሰር አለ፣ ፋውንዴሽን አለ፣ የመንግሥት ገንዘብ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ከ1961 ጀምሮ ከሆቴል ቀረጥ ለሥነ ጥበብ የምትመድብበት አሠራር አላት። በ2018 ነዋሪዎቿ ይህን ድርሻ በድምፅ አጽንተውታል። ችግሩ የሆቴል ቀረጥ ከእንግዳ ጋር የሚወጣና የሚወርድ መሆኑ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ሆቴሉ ባዶ ሆነ፣ ቀረጡም ወደቀ። ከተማዋም በ2025 ለሁለት ዓመት በጀቷ 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጉድለት ነበረባት።

የፌዴራሉ ገንዘብ ግን በሌላ ቧንቧ ነበር የሚመጣው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኮንግረስ በ1967 ባወጣው ሕግ ሲፒቢ የሚባል የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተቋቁሟል። ሲፒቢ ገንዘቡን ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያከፋፍል ነበር። የተወሰነው ደግሞ ወደ አምስት ድርጅቶች ይሄድ ነበር። የጥቁሮች፣ የላቲኖዎች፣ የቀደምት አሜሪካውያን፣ የፓስፊክ ደሴቶችና የእስያ አሜሪካውያን ናቸው። አምስተኛው ካም ነው። እነዚህ ድርጅቶች ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች የመነሻ ገንዘብ ይሰጣሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ፒቢኤስ በሚባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ይተላለፋል።

በጁላይ 2025 ኮንግረስ ለሁለት ዓመት ለሲፒቢ የመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ። ኦገስት 1 ቀን ሲፒቢ ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዚያ በፊትም፣ ሜይ 2 ማታ፣ የፌዴራሉ የሥነ ጥበብ ድጋፍ መሥሪያ ቤት በመላ አገሪቱ ላሉ ብዙ ድርጅቶች የተሰጠው ድጋፍ መሰረዙን በኢሜይል ነግሯቸው ነበር። የ2025ቱ ካምፌስት የተከፈተው ከዚያ ስድስት ቀን በኋላ ነው።

የተመታው እንግዲህ በዋናነት የሚታየው ፌስቲቫል አይደለም። የማይታየው ሥራ ነው፤ ገና ያልተቀረጸው ፊልም። ዘጋቢ ፊልም ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስምንት ዓመት ይፈጃል። በ2025 የተዘጋ ቧንቧ በአዳራሹ መርሐ ግብር ላይ የሚታየው ከ2028 በኋላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ምክንያቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አዳራሹም እየተለወጠ ነው

ፌስቲቫሉ ለረጅም ጊዜ መክፈቻውን ያደርግበት የነበረው ካስትሮ ቲያትር በ1922 የተሠራ፣ 1,400 ሰው ገደማ የሚይዝ ቤት ነው። በ2022 አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ኩባንያ አስተዳደሩን ወሰደ። ቋሚ ወንበሮቹ ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር ከተማዋን ከሁለት ከፈለ። ኩባንያው ፊልም ብቻውን ቤቱን አያኖርም አለ። ተቃዋሚዎቹ ወንበሩ ከተነሳ ሲኒማነቱ አበቃ አሉ። በመጨረሻ ኩባንያው ፈቃዱን አገኘ፤ ቤቱም በ2024 መጀመሪያ ለእድሳት ተዘጋ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ትልቅ አዳራሽ ሲጠፋ ግን ፌስቲቫል አንድ ትልቅ የመክፈቻ ምሽት ያጣል። ስፖንሰር የሚመጣው ደግሞ ለዚያ ምሽት ነው።

ካምፌስት በ2013 አሥራ አንድ ቀን ነበር። በ2025 ከሜይ 8 እስከ 11፣ አራት ቀን ነበር። ይህን ሁሉ በበጀት ቅነሳው ማሳበብ ልክ አይሆንም። ቅነሳው ከመምጣቱ በፊት መርሐ ግብሩ ተቆርጧል። ከኮቪድ በኋላ የሰው ልማድ ተለውጧል፣ ኪራይም ሆነ የአውሮፕላን ትኬት ወደ ላይ ወጥቷል።

የባህሉ ዝግጅት ደግሞ ፊልም ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ አካባቢ የቻይና አዲስ ዓመት ሰልፍ አለ፣ በኤፕሪል ጃፓንታውን የቼሪ አበባ በዓል፣ በኦገስት የፊሊፒኖዎቹ ፒስታሃን። እነዚህ ከፊልሙ ይልቅ ቀላል ኑሮ አላቸው። ምግብ ሻጩ ይከፍላል፣ ነጋዴው ያተርፋል፣ ጎብኚ ይመጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘጋቢ ፊልም የሚያይ ሰው ግን ምንም አይገዛም።

የሚነሱት ክርክሮች

"ገበያው ይበቃል" የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ከ2018 ወዲህ ስቱዲዮዎች እስያውያን ተዋንያንን የሚያዩበት ዓይን ተለውጧል። ነገር ግን ገበያው የሚገዛው ያለቀውን ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ያልተረጋገጠ ሥራ ማን ይከፍልለታል የሚለውን አይመልስም።

"ሁሉም በስትሪሚንግ ይገኛል" የሚሉም አሉ። ስትሪሚንግ ፊልሙን ሳያወርዱ በኢንተርኔት በቀጥታ ማየት ነው። ለተመልካቹ ጥሩ ነው። የሚያየው ግን ኮምፒውተሩ የመረጠለትን ነው፤ ለትንሽ ፊልም እዚያ መገኘትና መታየት ለየቅል ናቸው።

ከበድ ያለው ክርክር ከውስጥ ይመጣል። "እስያ" የሚለው ጥላ እጅግ ሰፊ አይደለም ወይ? የሲሊከን ቫሊ ኢንጂነርና የካምቦዲያ ስደተኛ ልጅ ምን ያገናኛቸዋል? በአንድ ፌስቲቫል ሲታጨቁ ትልልቆቹ ትንንሾቹን አይውጧቸውም? በእኔ እይታ ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ጥላውን ማጠፍ አይደለም። ለየብቻ ቢሆኑ ትንንሾቹ የአንድ ምሽት አዳራሽ እንኳን አይከራዩም።

"የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለአንድ ማኅበረሰብ ፊልም ለምን ይውላል?" የሚለው ደግሞ የኮንግረሱ ክርክር ነው። ለዚህ ከመከራከሪያ ይልቅ ምሳሌ ይሻላል። ኦገስት 4 ቀን 1977 ከርኒ መንገድ ላይ ካለው ኢንተርናሽናል ሆቴል አረጋውያን የፊሊፒንስና የቻይና ተወላጆች በፖሊስ ተባረሩ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተያይዞ ቆሞ ሊከላከልላቸው ሞከረ፤ አልቻለም። ከርቲስ ቾይ ካሜራውን ይዞ እዚያ ነበር። ፊልሙ በ1983 ወጣ። ዛሬ ስለ ከተማዋ የቤት ኪራይ ችግር የሚያስተምር መምህር ያን ፊልም ያሳያል። የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ ነው፣ የአንድ ማኅበረሰብ ብቻ አይደለም።

ከዚህ በኋላ

ሌላም ያልጠራ ነገር አለ። ፕሬዝዳንት ትራምፕ በሜይ 2025 ውጭ በተሠራ ፊልም ላይ 100 በመቶ ቀረጥ እንደሚጣል ተናገሩ፤ በሴፕቴምበር ደገሙት። በኢንተርኔት የሚመጣ ፋይል በየትኛው ኬላ እንደሚቀረጥ ግን አልተብራራም። ቢፈጸም የሚመታው ከሙምባይና ከቶኪዮ የሚመጣውን ነው። በጁን 2025 የወጣው የጉዞ እገዳ ደግሞ ኢራንንና ምያንማርን ይጨምራል። ፊልሙ ይመጣል፣ የሠራው ሰው አይመጣም ማለት ነው። ከፊልሙ በኋላ መብራት በርቶ ተመልካች ጥያቄ የሚጠይቅበት ሰዓት ባዶ ወንበር ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ፌስቲቫል የሚሄደው ግማሹን ለዚያ ሰዓት ነው።

ፌስቲቫሉ ራሱ ይዘጋል ብዬ አልገምትም። ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ ስም ስፖንሰር ያገኛል። የምሰጋው ስፖንሰር የሚወደው ዓይነት ፌስቲቫል እንዳይሆን ነው። ምግብና ሙዚቃ የሚበዛበት፣ የታወቀ ተዋናይ የሚጋበዝበት፣ የሚያስቆጣ ዘጋቢ ፊልም የሚያንስበት ይሆናል። ሌላው መንገድ ኃይሌ ገሪማ በ1993 "ሳንኮፋ"ን ይዞ የሄደበት ነው። አከፋፋይ እምቢ ሲለው ራሱ ሲኒማ ቤት ተከራየ፣ በየከተማው ያለውን ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑና በማኅበሩ በኩል ጠራ፣ አዳራሹንም ሞላ። የእስያ አሜሪካውያን ሠሪዎችም ይህን መሞከራቸው አይቀርም። ግን ለሁሉም አይሠራም። ኃይሌ ያን ጊዜ ፊልሙን ጨርሶ በእጁ ይዞ ነበር፤ የዛሬዎቹ የጎደላቸው መጨረሻው ሳይሆን መጀመሪያው ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ የካምፌስት መርሐ ግብር ሲወጣ የቀኑን ብዛትና የመክፈቻውን ፊልም አይቶ ማለፍ አይበቃም። መቁጠር ያለብን ከዝርዝሩ ውስጥ ስንቱ የአንድ ሰው የመጀመሪያ ሥራ እንደሆነ ነው።